የልጁ ቋንቋ በክፍሉ በር ላይ አይቅር
ከካዊያ ሕዝብ ታሪክ ምን እንማራለን?

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ሩቅ አገር ሕዝብ ስንጽፍ «እሱ ለእኛ ምናችን ነው? የማስተማር ልምምድ ደርሶብን የለም ወይ?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አጭር ነው፤ የምንጽፈው ስለዚያው ስለ ማስተማር ልምምድ ነው። አንድ ሕዝብ ቋንቋውን ያጣው በበሽታና በመሬት ነጠቃ ብቻ ሳይሆን በክፍል ውስጥ፣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ እንደ እኛው ጠመኔ በያዙ ሰዎች እጅ ጭምር ከሆነ፣ ጉዳዩ ከማንም በፊት የመምህር ጉዳይ ነው።

ሕዝቡ ካዊያ ይባላል። አገሩ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ደቡባዊ ክፍል፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ነው። ከፊሉ በሳን ሃሲንቶና በሳንታ ሮዛ ተራሮች ላይ፣ ከፊሉ ኮቼላ በሚባለው በረሃማ ሸለቆ፣ ከፊሉ ደግሞ በሳን ጎርጎኒዮ በር ይኖራል። በር ስንል እኛ ጣርማ በር እንደምንለው ያለውን የተራራ መተላለፊያ ማለታችን ነው። በዚህም መሠረት ምሁራን የተራራ፣ የበረሃና የበር ካዊያ እያሉ በሦስት ይከፍሏቸዋል። እነሱ ግን ራሳቸውን ኢቪያተም፣ ቋንቋቸውን ኢቪልዩዋት ይላሉ። ነጮች ከመምጣታቸው በፊት የነበረውን ቁጥራቸውን አንዳንዱ ምሁር 2,500፣ ሌላው እስከ 10,000 ያደርሰዋል።

ቋንቋቸው ዩቶ-አዝቴካን ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ሉዊሴኞና ኩፔኞ የሚባሉት የጎረቤት ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ ከሩቅ ደግሞ በአሪዞና ያሉት ሆፒዎችና በሜክሲኮ የአዝቴኮች ቋንቋ የነበረው ናዋትል ይዛመዱታል። እንግዲህ የምንናገረው ስለ ጥቂት ሰዎች ቢሆንም፣ ሥሩ ረዥም ስለሆነ ቋንቋ ነው።

በቋንቋው ውስጥ ምን ነበረ?

«ቋንቋ መግባቢያ ነው» የሚለውን ትርጓሜ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ በፈተና ላይም እንጽፈዋለን። ትርጓሜው ትክክል ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። የካዊያን ቋንቋ ስንመለከት የሚበቃ አለመሆኑን እናያለን።

ኮቼላ በረሃ ነው። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው አሸዋና እሾህ ብቻ ነው። ካዊያዎች ግን አሸዋውን በእጃቸው እየቆፈሩ፣ ወደ ታች የሚያስወርድ ደረጃ እየሠሩለት፣ እንስራ ተሸክሞ ገብቶ የሚወጣበት ጉድጓድ ያበጁ ነበር። ዛሬ በዚያ ሸለቆ «ኢንዲያን ዌልስ» የምትባል ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእንዲህ ያለው የውሃ ጉድጓድ ነው። ምግባቸው ከሜስኪት ዛፍ ፍሬ፣ ከተራራው የኦክ ፍሬ፣ ከዘንባባና ከቁልቋል ነበር። ሜስኪት ማለት በአፋር ምድር ተስፋፍቶ አርብቶ አደሩን ያስቸገረው የፕሮሶፒስ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። እነሱ ግን ፍሬውን በእንጨት ሙቀጫ እየወቀጡ፣ ዱቄቱን እየጋገሩ ኖረውበታል።

የበረሃ ካዊያዎች ዓመቱን በስምንት ወቅት ይከፍሉት ነበር። ስሞቹ የቁጥር ወይም የንጉሥ ስሞች አይደሉም። አምስቱ ከዛፍ የተወሰዱ ናቸው፤ ዛፍ ሲያቆጠቁጥ፣ ሲያብብ፣ ፍሬ መቋጠር ሲጀምር፣ የሜስኪት ፍሬ ሲበስል፣ የሜስኪት ፍሬ ሲረግፍ። ከዚያ የበጋው አጋማሽ፣ ቀዝቀዝ የሚልበት ጊዜ፣ ብርዱ የሚጠናበት ጊዜ ይከተላሉ። ሉሲል ሁፐር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመችው ጥናት ላይ ይህን ዘግባዋለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም የተለየ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የወቅቶቹን ስም የሚያውቅ የካዊያ ልጅ መቼ ምን እንደሚለቀም አብሮ ያውቃል። ለእኛ በግብርና ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት ለእሱ በስሞቹ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሌላም እንጨምር። ዊልያም ብሌክ የሚባል የከርሰ ምድር ተመራማሪ በ1853 ለባቡር ሐዲድ ጥናት ወደዚያ በረሃ ሄዶ ነበር። በዚያን ጊዜ የካዊያ ሽማግሌዎች፣ ይህ አሸዋ የሞላበት ቦታ በአያቶቻቸው ዘመን ዓሣ ያለበት ትልቅ ሐይቅ እንደነበረ፣ ከዚያም ውሃው ቀስ በቀስ እንደ ሸሸ ነገሩት። በተራራው ግርጌ ላይ በድንጋይ የተሠሩ የዓሣ ማጥመጃዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ ውሃው ቀድሞ የደረሰበት መሥመርም በአለቱ ላይ ይታያል። መጽሐፍ ያልነበረው ሕዝብ የሐይቅን ታሪክ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ያሸጋገረው በምን ይመስላችኋል? በአንደበት ነው፤ በቋንቋው።

የሰዋስው መምህሮቻችንን የሚያስደስት ነገርም አለ። በካዊያ ቋንቋ የዘመድ ስም ባለቤት ሳይጠራ ብቻውን አይቆምም። እኛ «አባት» ብለን በመዝገበ ቃላት ማስፈር እንችላለን። በእነሱ ዘንድ ግን አባት ምንጊዜም የአንድ ሰው አባት ነው። እኛ «አባቴ»፣ «አባትህ» ስንል ምልክቱን ከኋላ እንቀጥላለን፤ እነሱ ከፊት ያስቀድማሉ። ኔና ማለት አባቴ፣ ኔዬ ማለት እናቴ ነው። ቤት ኪሽ ነው፤ ቤቴ ሲሉ ኔኪ ይላሉ። የአባት አባት፣ የአባት እናት፣ የእናት አባት፣ የእናት እናት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም አላቸው። ታላቅና ታናሽ ወንድም፣ ታላቅና ታናሽ እህትም እንዲሁ በተለያየ ቃል ይጠራሉ።

ይህ ለጌጥ አልነበረም። ሕዝቡ የዱር ድመትና የኮዮቴ (የቀበሮ ዓይነት አውሬ ነው) ተብለው በሚጠሩ ሁለት ወገኖች የተከፈለ ነበር። ልጅ በአባቱ ወገን ይቆጠራል፤ ሰው ከራሱ ወገን አያገባም። ስለዚህ ማን የማን ምን እንደሆነ አለማወቅ ነውር ብቻ ሳይሆን ችግር ነበር። ቋንቋው ይህን ሁሉ ለሕፃኑ ከእናት ጡት ጋር ያስጠናው ነበር።

የሒሳብ ሰዎችም ይህን ልብ በሉ። ከአንድ እስከ አራት ሲቆጥሩ ሱፕሊ፣ ዊህ፣ ፓህ፣ ዊቺው ይላሉ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉት ስሞች ግን እነዚሁ አራቱ ተመልሰው ነው የሚመጡት፤ አምስትና አንድ፣ አምስትና ሁለት እያሉ። መደመርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ ከየት ይመጣል? ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው።

እንዴት ጠፋ?

ወደ መራሩ ክፍል እንግባ። ነገሩ በትምህርት ቤት አልተጀመረም፤ እንዲያ ብንል ታሪኩን ማጣመም ይሆናል። አስቀድሞ የመጣው የመሬትና የበሽታ መከራ ነው። በጥር ወር 1852 የካዊያ አለቆች፣ ታዋቂው ሁዋን አንቶኒዮ ጭምር፣ በቴሜኩላ ከአሜሪካ መንግሥት ተወካይ ጋር ውል ተፈራረሙ። መሬት ሊከለልላቸው ነበር። የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ግን በዚያው ዓመት ይህንና በካሊፎርኒያ የተፈረሙ ሌሎች ውሎችን፣ በጠቅላላው 18 ውሎችን፣ አላጸድቅም አለ። ሰነዶቹም እስከ 1905 ድረስ ከሕዝብ ዓይን ተሰውረው ተቀመጡ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው። በ1862 እና በ1863 ደግሞ ፈንጣጣ ገብቶ መንደር ለመንደር አረገፋቸው። ሁዋን አንቶኒዮም በዚሁ በሽታ ሞተ።

ቆየት ብሎ የባቡር ሐዲድ መጣ። በዛሬዋ የፓልም ስፕሪንግስ ከተማ አካባቢ መሬቱ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተከፋፈለ፤ አንዱ ካሬ ለባቡር ኩባንያው፣ አንዱ ካሬ ለካዊያዎች፣ እንዲህ እያለ። እስከ ዛሬም የዚያ አካባቢ ካርታ የዳማ መልክ ይዞ ይታያል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሕዝቡ ቋንቋውን አልጣለም። የተረፉት ሰዎች በቋንቋቸው ያለቅሱ፣ በቋንቋቸው ይዘፍኑ፣ ልጃቸውን በቋንቋቸው ይቆጡ ነበር። ፈንጣጣ ሰውን ይገድላል እንጂ ከተረፈው ሰው አፍ ላይ ቋንቋን አይነጥቅም። ይህን ለማድረግ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱም ትምህርት ቤት ሆኖ ተገኘ።

በ1887 የአሜሪካ የሕንዳውያን ጉዳይ ኮሚሽነር የነበረው አትኪንስ፣ በሕንዳውያን ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ ቋንቋ እንዳይስተማር አዘዘ። በ1890 በባኒንግ፣ በበር ካዊያዎች አገር፣ ሴንት ቦኒፌስ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1892 በፔሪስ ሌላ የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ቆመ፤ ይኸው ቆይቶ ወደ ሪቨርሳይድ ከተማ ተዛውሮ ሼርማን ኢንስቲትዩት ተባለ። የነዚህ ቤቶች ዓላማ በግልጽ የተነገረ ነበር፤ ልጁን ከቤቱ ማራቅ፣ ጠጉሩን መቁረጥ፣ ልብሱን መለወጥ፣ ከሁሉም በላይ አፉን መለወጥ። በአሜሪካ አዳሪ ቤቶች በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ የሚቀጣባቸው ብዙ ነበሩ።

አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። ልክ በዚያው ዘመን፣ በ1900፣ ዴቪድ ባሮውዝ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ስለ ካዊያዎች የዕፅዋት ዕውቀት መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ በረሃ እንዴት ይህን ያህል ምግብና መድኃኒት እንዳገኙ በአድናቆት ጻፈ። በአንድ በኩል ዕውቀታቸው በዩኒቨርሲቲ ይደነቃል፤ በሌላ በኩል ዕውቀቱ የተቀመጠበት ቋንቋ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ምን ይባላል?

ቅጣቱ ያደረሰው ጉዳት በተቀጣው ልጅ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ቋንቋው ይተርፍ ነበር። ግን የተቀጣው ልጅ አድጎ ወላጅ ይሆናል። ወላጅ ሲሆን «እኔ ያየሁትን ልጄ አይይ» ብሎ ለልጁ በእንግሊዝኛ ብቻ ያወራል። ይህ የፍቅር ሥራ ነው፤ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። የቋንቋ ክር የሚበጠሰው ግን እዚህ ላይ ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ማንም ሳይጮኽ፣ በእልፍኝ ውስጥ ይወስዳል። መምህሩ አንድ ትውልድ ቀጣ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ትውልዶች ለመቅጣት መምህር እንኳ አላስፈለገም።

በ1990 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የቋንቋው ተናጋሪ ነን ያሉት 35 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚያልቁ ናቸው። ዩኔስኮም ቋንቋውን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ መድቦታል።

የአንዲት ተማሪ ደብተር

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሴት መናገር ግድ ይለናል። ካትሪን ሲቫ ሳውቤል ትባላለች። በ1920 ሎስ ኮዮቴስ በሚባለው የተራራ መንደር ተወለደች። ያደገችው በፓልም ስፕሪንግስ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አታውቅም ነበር። ከዚያ ተነሥታ በ1940 የፓልም ስፕሪንግስን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨረሰች፤ ከሕንዳውያን ልጃገረዶችም ከዚያ ትምህርት ቤት ስትመረቅ የመጀመሪያዋ ሆነች።

እናቷ መድኃኒት አዋቂ ነበረች። ካትሪን ከእናቷ ጋር በረሃውን እየዞረች፣ ይህ ለሆድ፣ ያ ለቁስል፣ ይህ ለቅርጫት መሥሪያ እያለች የሰማችውን በተማሪነት ዘመኗ በደብተር ትይዝ ነበር። ማንም አላዘዛትም፤ ማርክ አልተሰጠበትም። ያ ደብተር ቆይቶ ፍሬ አፈራ። በ1972 ከአንትሮፖሎጂው ምሁር ከሎውል ቢን ጋር ሆና «ቴማልፓክ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመች። በውስጡ ካዊያዎች የሚጠቀሙባቸው ከ200 በላይ ዕፅዋት ከነጥቅማቸው ሰፍረዋል።

በዚህ አላበቃችም። በ1964 ከጄን ፔንና ከሌሎች ጋር በሞሮንጎ የሕንዳውያን ክልል የማልኪ ሙዚየምን መሠረተች። ጀርመን አገር በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረው ከሃንስያኮብ ዛይለር ጋር ለዓመታት ሠርታለች። ዛይለር በ1970 የካዊያን ጽሑፎች፣ በ1977 ሰዋስው፣ በ1979 ከሥራ ባልደረባው ጋር መዝገበ ቃላት አወጣ። በ1981 ደግሞ እሷና የቋንቋ ምሁሯ ፓሜላ ማንሮ «ኑ ካዊያ እንናገር» ለማለት ያህል ስም የተሰጠው የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ። ያለ ቃል በቃል ነጋሪ ሰዋስው አይጻፍም፤ እነዚህ መጻሕፍት ዛሬ ለካዊያ ልጆች መነሻ የሆኑት እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ተቀምጠው፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ስለ ነገሩ ነው። በ1993 በአሜሪካ የሴቶች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባች። ወንድሟ አልቪኖ ሲቫ የአእዋፍ መዝሙር የሚባለውን የሕዝቡን ጥንታዊ ዜማ ለወጣቶች ሲያስተምር ኖሮ በ2009 ዐረፈ። እሷም በ2011 ዐረፈች።

አሁን አንድ ነገር እናነጻጽር። በአንድ ወገን በሕግ የተደገፈ፣ በጀት ያለው፣ ሕንፃ ያለው የትምህርት ሥርዓት ቋንቋውን ለመንቀል ተነሣ። በሌላው ወገን አንዲት ተማሪ ባለ አንድ ደብተር ነበረች። ሥርዓቱ አብዛኛውን አሳካ፤ ደብተሩም ከእሳት የተረፈውን ያህል አተረፈ። በመካከል የጎደለው ምን ነበር ብንል፣ መምህር ነው። አንድ መምህር «ይህን ደብተርሽን ነገ ክፍል ውስጥ አንብቢልን» የሚልበት ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ለአንድ ልጅ የተረፈው ለክፍሉ በሙሉ በተረፈ ነበር።

ገንዘብ ይመልሰዋልን?

«ድሆች ስለ ሆኑ ነው እንጂ ቢበለጽጉ ቋንቋቸውም ያድግ ነበር» የሚል አስተያየት በክርክር ክበባችን ተሰንዝሮ ያውቃል። ለዚህም የካዊያ ታሪክ መልስ አለው። በ1987 ካባዞን የሚባለው አነስተኛ የካዊያ ጎሣ ከካሊፎርኒያ መንግሥት ጋር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ረታ። ክርክሩ በክልላቸው የቁማር ቤት ስለ መክፈት ነበር። ፍርዱ ለመላው የአሜሪካ ሕንዳውያን በር ከፈተ። ዛሬ ከዘጠኙ የካዊያ ማኅበረሰቦች መካከል ሆቴልና የመዝናኛ ማዕከል ያላቸው፣ ለልጆቻቸው ኮሌጅ የሚከፍሉ አሉ። አጉዋ ካሊየንቴ የሚባሉትም በ2023 በፓልም ስፕሪንግስ መሐል፣ በጥንቱ ፍል ውሃቸው አጠገብ፣ ትልቅ ሙዚየም ከፍተዋል።

ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሀብታቸው የተነጠቀ ሰዎች ሀብት ቢያገኙ ደስ ይለናል። ግን ገንዘብ ሕንፃ ይሠራል፣ መጽሐፍ ያሳትማል፣ የመምህር ደመወዝ ይከፍላል እንጂ በቋንቋው የምትቆጣ አያት አይገዛም። ዛሬ የካዊያ ወጣቶች የአእዋፍ መዝሙሮችን በቅል መንኳኳያ እያጀቡ ሲዘምሩ ይታያሉ። ያንኑ ቋንቋ ውሃ ለመጠየቅ፣ ወንድምን ለማብሸቅ፣ ሕልም ለመናገር የሚጠቀሙበት ግን ከመጽሐፍ እንደ ባዕድ ቋንቋ ተምረው ነው። ይሞክራሉ፤ ሙከራው ክብር ይገባዋል። በአንድ ትውልድ የተቋረጠውን ለመመለስ ግን ስንት ትውልድ ይፈጃል?

ሕጉም ቢሆን ዘግይቶ ነው የመጣው። የአሜሪካ መንግሥት የሕንዳውያንን ቋንቋ አከብራለሁ የሚል ሕግ ያወጣው በ1990 ነው። ከአትኪንስ ትእዛዝ ስንቆጥር 103 ዓመት ይሆናል። በ2009 ደግሞ ካሊፎርኒያ አንድ ጥሩ ሕግ አወጣች። ጎሣው «ይህ ሰው ቋንቋችንን በሚገባ ያውቃል» ብሎ ከመሰከረለት፣ ዲግሪ ባይኖረውም ያንን ቋንቋ የማስተማር ፈቃድ እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ ነው። ይህን ሕግ ለእኛ ለዲፕሎማ ፈላጊዎች ልብ ብለን ማንበብ ይጠቅመናል። ዕውቀት ምንጊዜም ከማሠልጠኛ እንደማይወጣ የሚያምን ሕግ ነውና።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አገራችን ከአሜሪካ ሌላ ናት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጓል። ይህን መካድ አይገባም። ግን ፖሊሲ በወረቀት ላይ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚገባው መምህሩ ነው። ጋፋትኛ በዓባይ ዳርቻ ይነገር ነበር። ቮልፍ ሌስላው የሚባለው ምሁር በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲደርስበት የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ማንም የለም። በደቡብ ኦሞ ኦንጎታን የሚናገሩ ሽማግሌዎች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። «ልጁ እንጀራ የሚበላው በትልቁ ቋንቋ ነው፤ ወላጆቹም የሚፈልጉት እሱኑ ነው። በቤቱ ቋንቋ ስናቆየው ወደ ኋላ እናስቀረዋለን።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለልጁ አዝነው ነው። ግን ተቃውሞው ያልታየ ነገር አለበት። ሁለት ቋንቋ ማወቅ አንዱን ለመልቀቅ አያስገድድም። ካትሪን ሳውቤል እንግሊዝኛን ከሁለተኛ ደረጃ ምሩቅ ሆና አውቃለች፤ በዩኒቨርሲቲ ምሁራን ፊት ተናግራበታለች፤ የእናቷን ቋንቋም እስክትሞት ይዛለች። ልጁን ወደ ኋላ የሚያስቀረው ሁለት ቋንቋ መያዙ አይደለም። በማያውቀው ቋንቋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ደደብ» መባሉ ነው።

ስለዚህ ለልምምድ ስንወጣም ሆነ ተመድበን ስንሄድ የሚከተሉትን ማድረግ እንችላለን ብለን እናምናለን።

1ኛ. በተመደብንበት ቦታ የልጆቹን ሰላምታ፣ ቁጥር፣ የዘመድ ስምና የአካባቢውን ዛፎች ስም በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ውስጥ እንማር። የትምህርት ዕቅዳችን አካል ይሁን።

2ኛ. አንድ ልጅ በቤቱ ቋንቋ ሲመልስ ክፍሉ ቢስቅ ሳቁን የሚያስቆመው መምህሩ ነው። መምህሩ ራሱ ፈገግ ካለ ነገሩ አለቀ።

3ኛ. በወር አንድ ጊዜ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ክፍል ውስጥ ጋብዘን ስለ እህል፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ቦታ ስም እናስነግር። እኛ በዚያ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ወንበር ላይ እንቀመጥ።

4ኛ. ልጆች ከእናትና ከአያቶቻቸው የዕፅዋትን ስምና ጥቅም ጠይቀው በደብተር እንዲጽፉ የቤት ሥራ እንስጥ። ደብተሮቹም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ።

5ኛ. በዚህ ተቋም ውስጥ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሠልጣኞች አሉ። መምህሮቻችን ለቋንቋ ማስተማር ዘዴ ትምህርት ከሚሰጡን ሥራ አንዱን ለዚህ ቢያውሉትና ማርክ ቢይዙበት እንለምናለን። ይህ ሰሌዳም ለሚቀርበው ጽሑፍ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓምድ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ጆሮ፣ ትዕግሥትና አንድ ደብተር ይበቃዋል። የካዊያ ቋንቋ ሲቋረጥ በክፍሉ ውስጥ የነበሩት መምህራን ብዙዎቹ በጎ ሥራ የሠሩ መስሏቸው ነበር፤ ልጁን ለዘመኑ ኑሮ እያዘጋጀን ነው ይሉ ነበር። እኛ ግን መጨረሻውን አይተናል። 35 ሰዎች ብቻ የቀሩበትን ቆጠራ አንብበናል። ከዚህ በኋላ «አላወቅንም» ማለት አይቻለንም።

ልምምዱ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ይጀመራል። ደብተር እንያዝ።